ኤምኤስ ያለባት ሴት ስፖርት ትሥራ ወይስ ትረፍ? የመኝታው ነገርስ?

በዚህ መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሰባት ሳምንት ሆኖታል። መልሱ እየበዛ ሲሄድ አዲስ የሚገባ ሰው ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ይጠይቃል። ስለዚህ የተባለውን ከላይ እስከ ታች ልንገራችሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም። ብዙዎቹ የጓዳቸውን ነው ያወጡት። ሐሳቡን ብቻ ነው የምነግራችሁ።

መጀመሪያ የጻፍኩት ይህን ነበር።

ዕድሜዬ 34 ነው። ጅማ ተወልጄ ጅማ ነው የምኖረው። ማልቲፕል ስክለሮሲስ፣ በአጭሩ ኤምኤስ፣ እንዳለብኝ ከተነገረኝ አምስት ዓመት ሆነኝ። ለማያውቀው ሰው፦ ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቀው ኃይል ተሳስቶ የራስን ነርቭ ያጠቃል። አንጎል፣ ኅብለ ሰረሰርና የዓይን ነርቭ ላይ ያለውን ሽፋን ይልጠዋል። የኤሌክትሪክ ገመድ ላስቲኩ ሲላጥ ማለት ነው። መልእክቱ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይደርስም።

በሽታው በታወቀልኝ ሰሞን አንድ እሁድ ከእህቴ ጋር ወደ ጅሬን በእግራችን ወጣን። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ልናይ ነበር። ፀሐዩ ከረር ብሏል። ዳገቱ መሃል ላይ ቀኝ ዓይኔ ጭጋግ ለበሰ። እህቴ ቀይ ሻርፕ ነበር ያደረገችው፤ በዚያ ዓይኔ ሳየው ደብዝዞ ግራጫ መሰለኝ። ዛፍ ሥር አስቀምጣኝ ከላስቲክ ውኃ አንገቴ ላይ አፈሰሰች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሻርፑ ተመልሶ ቀላ። ያኔ ያየኝ ባለሙያ ሰውነቴን እንዳላደክም፣ ስፖርት የሚባል ነገር እንድረሳ ነገረኝ። እኔም ረሳሁት። ሦስት ዓመት ሙሉ ከቤት እስከ ባጃጅ፣ ከባጃጅ እስከ ቤት።

ከዚያ ሌላው መጣ። ከወገቤ በታች ደነዘዝኩ። ባለቤቴ ሲነካኝ አንዳንዴ በብርድ ልብስ ላይ የሚነካኝ ይመስለኛል። አንዳንዴ ደግሞ ያው እጅ ያቃጥለኛል። ሽንቴ ያመልጠኛል ብዬ እሳቀቃለሁ። ማታ ሲሆን ድካሙ እንደ እርጥብ ጋቢ ይጫነኛል። የመኝታው ነገር እንዲሁ ቀስ እያለ ቀረ። ይህን ለመጠየቅ ሁለት ቀጠሮ ሄጄ አፌ አልከፈት አለ። በሦስተኛው ጠየቅኩ። ባለሙያው ዓይኑን ከካርዱ ሳያነሳ፣ ልጆች ካሉኝ ሌላው ብዙም እንደማያስጨንቅ ነገረኝና ወደ ቀጣዩ ነገር አለፈ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ስፖርት ኤምኤስን ያባብሳል? ደግሞስ የመኝታውን ነገር ይመልሳል? ያየች፣ የሞከረች ትንገረኝ።

እንግዲህ መልሶቹ።

መልስ 1 ከአጋሮ የምትጽፍ እህት ናት። መልስ የላትም፣ እሷም ያው በሽታ አለባት። ሁለት ዓመት ቁርጥማት ነው እየተባለች ስትታሽ ኖራለች። አላህ ያሽርሽ ብላኝ፣ መልሱን አብራኝ እንደምትጠብቅ ነግራኝ ወጣች።

መልስ 2 ላይ አንድ ወንድም ኤምኤስ የፈረንጅ በሽታ ስለሆነ ምርመራዬ ተሳስቶ ይሆናል አለ። በክፋት አልነበረም። መልስ 3 ያረመው የሕክምና ተማሪ ነው። ከምድር ወገብ ርቆ በሚኖር ሕዝብ ላይ በሽታው በብዛት መታየቱ እውነት ነው አለ። ግን እዚህ የለም ማለት አይደለም። ለመለየት ኤምአርአይ የሚባለውን የውስጥ አካል ምስል ማንሻ ይፈልጋል፤ ኤምአርአይ በሌለበት ደግሞ ስሙ ቁርጥማት፣ ለከፋ ወይም ጭንቀት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2020 በተሠራ ቆጠራ በዓለም ላይ 2.8 ሚሊዮን ያህል ሰው ኤምኤስ እንዳለበት ተገምቷል። ሴቶችን ከወንዶች ሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይይዛል፣ ብዙውን ጊዜም የሚጀምረው ከ20 እስከ 40 ባለው ዕድሜ ነው። በወግ በማዕረግ የምትዳሪበት፣ የምትወልጂበት ዕድሜ ማለት ነው። መልስ 4 ላይ ያ ወንድም ይቅርታ ጠየቀ።

መልስ 5 ክሩን የያዘው ነው። የጻፈችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። ጅሬን ዳገት ላይ የደረሰብኝ ነገር ስም አለው አለች። ኡትሆፍ የሚባል ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1890 የጻፈው ነው። ሽፋኑ የተላጠ ነርቭ ሙቀት አይወድም። ሰውነት ትንሽ ሲሞቅ መልእክቱ ይደናቀፋል፣ ሲበርድ ይመለሳል። አዲስ ጉዳት አልደረሰም። እውነተኛው ማገርሸት ሌላ ነው፤ ከ24 ሰዓት በላይ ይቆያል፣ ትኩሳት ወይም ኢንፌክሽን ሳይኖር ይመጣል።

እረፍ የሚለው ምክር ከየት እንደመጣም ነገረችን። ሐኪሞች ለብዙ አሥርት ዓመታት ይህንኑ ሙቀት አይተው ኤምኤስ ያለበት ሰው እንዳይንቀሳቀስ ይመክሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት ታማሚዎች ለ15 ሳምንት ልብን የሚያሠራ ስፖርት ሲሠሩ ብርታታቸው ጨመረ፣ ኑሯቸውም ቀለለ። ከዚያ ወዲህ ምክሩ ተገለበጠ። እ.ኤ.አ. በ2013 ካናዳ ያወጣችው መመሪያ ቀላልና መካከለኛ ጉዳት ላለባቸው በሳምንት ሁለት ቀን 30 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካው የኤምኤስ ማኅበር ባወጣው ምክር፣ አቅም በፈቀደ መጠን ቀስ በቀስ በሳምንት ወደ 150 ደቂቃ መድረስ ነው። መጠነኛ ማለት እየሄድሽ ማውራት የምትችይበት፣ መዝፈን ግን የማትችይበት ነው። ስፖርት ማገርሸትን እንደሚያመጣ የሚያሳይ ነገር የለም አለች።

ይህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስት ዓመት ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ እግሬ የሰለለው በበሽታው ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያን ማታ ነው። አለቀስኩ። ባለቤቴ ምን ሆነሽ ሲለኝ ስልኩን ሰጠሁት።

መልስ 6ን አልረሳውም። እዚሁ ጅማ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ናት። ምጣድ ፊት ስትቆም ከአምስተኛው ወይም ከስድስተኛው እንጀራ በኋላ የምጣዱ ጠርዝ ሁለት ይሆንባታል። ሊጡን ስታዞር ከጠርዙ ይፈስሳል። የፈሰሰው ሊጥ እሳቱ ላይ ሲንጫጫ ነው የምታውቀው። ደንበኞቿ ሰነፈች ይሏታል። ጢሱ ነው ብላ ስንት ዓመት ዓይኗን በሎሚ ውኃ ታጥባለች። የመልስ 5ን ስታነብ እጇ እንደተንቀጠቀጠ ጻፈች። አሁን የምትጋግረው ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው። ነጠላዋን በቀዝቃዛ ውኃ ነክራ፣ ጨምቃ፣ አንገቷ ላይ ትጠመጥማለች። በየአምስት እንጀራው ወደ በር ትወጣለች።

ከመልስ 7 እስከ 9 ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ስለ መብራት መጥፋት፣ ቡና ሲቆላ ከሰሉ አጠገብ የሚቀመጠው ማን መሆን አለበት ስለሚለው። መልስ 9 ላይ አንዷ እህት የጅማ በርጩማ ዝቅ ስለሚል ቡና ከጠጣች በኋላ ለመነሣት የሰው እጅ እንደምትፈልግ፣ ስለዚህ ቡና መጥራት እንዳቆመች ጻፈች። ቡና ሲቀር ጎረቤት ይቀራል። ጅማ ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

መልስ 10 ላይ ፊዚዮቴራፒስቷ በርጩማዋን አነሣቻት። ከመቀመጫ በራስ ጉልበት መነሣትና መቀመጥ ራሱ የጡንቻ ሥራ ነው አለች። ከፍ ካለ ወንበር ጀምሪ፣ ግድግዳ አስደግፊው፣ እጅሽን ደረትሽ ላይ አጣምረሽ ስምንት ጊዜ ተነሺ። ሲቀልሽ ዝቅ ወዳለው ውረጂ። በርጩማዋ የመጨረሻዋ ትሁን። ይህ ደስ አለኝ። ጂም የሚከፈልበት ገንዘብ ለሌላት ሴት የቤቷን ዕቃ ነው የሰጠቻት።

እዚህ ድረስ ሁሉም ጨዋ ነበር። ስለ ሁለተኛው ጥያቄዬ ግን አንድም ሰው አልተነፈሰም። አሥር መልስ፣ አንድም ቃል።

መልስ 11 ሰበረው፣ ግን በቁጣ። አንድ ሰው እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ መጻፍ ነውር ነው፣ ልጆች ያነባሉ፣ ሁለተኛው ጥያቄ ይጥፋ አሉ። ባለጌ የሚል ቃልም ጨመሩበት። መልስ 12 ላይ አንዲት ሴት በዚያው ቁጣ መለሰች። ስኳር ያለበት ወንድ ስለ ወንድነቱ ሲጠይቅ ሐኪም ይሰማዋል፣ ሴት ስትጠይቅ ለምን ነውር ይሆናል አለች። ከዚያ ስድብ ቢጤም አከለች፤ እሱን ብትተወው ጥሩ ነበር።

ያበረዱት መልስ 13 ናቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ልጃቸው እየጻፈችላቸው ነው። በእሳቸው ዘመን አዲስ ሙሽራን አክስቶቿ ጓዳ አስገብተው ሁሉንም ይነግሯት እንደነበር አስታወሱ። ነውሩ ሚስት እያመማት ዝም ማለቷ ነው፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም አሉ። ቁጡውን ሰውም ልጄ ብለው ነው የጠሩት። ሰውዬው ከዚያ በኋላ አልጻፉም።

መልስ 14 ረጅም ነው፣ ከአንዲት ሲስተር። ኤምኤስ ካለባቸው ሴቶች ከ40 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት የመኝታ ችግር እንዳለባቸው በተለያዩ ጥናቶች ተጽፏል አለች። ቁጥሩ እንዲህ የተራራቀው አጠያየቁ ስለሚለያይ ነው። ቢሆንም ትንሹ ቁጥር ራሱ ከአሥር ሴት አራቷ ነው። ፎሊና አይቨርሰን የተባሉ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1992 በሦስት ከፍለውታል። አንደኛው ከተጎዳው ነርቭ በቀጥታ የሚመጣ ነው። መደንዘዝ፣ መድረቅ፣ እርካታ ላይ አለመድረስ። ሁለተኛው በሽታው በሌላ በኩል የሚያመጣው ነው። ድካም፣ የጭን ጡንቻ መገተር፣ የሽንት ማምለጥ፣ ሕመም። ሦስተኛው ልብ ውስጥ ያለው ነው። አሁንም ሴት ነኝ ወይ? ሸክም ሆንኩበት ወይ? ሰው ምን ይላል?

ቀጥላ የእኔን ጽሑፍ በሦስቱ ከፋፈለችው። በብርድ ልብስ ላይ የሚነካኝ የሚመስለው ከአንደኛው ነው። እርጥቡ ጋቢና የሽንቱ ስጋት ከሁለተኛው። ሁለት ቀጠሮ አፌ ያልከፈተው ከሦስተኛው። አንድ ትልቅ ጥቁር ነገር የመሰለኝ ሦስት ቦታ ተቀመጠ። ያን ቀን ቀለል አለኝ፣ ምንም ሳይድን።

መልስ 15 ቁርጥ ያለ ጥያቄ ጠየቀች። ታዲያ ስፖርት ስሜቱን ይመልሳል ወይስ አይመልስም? መልስ 16 የፊዚዮቴራፒስቷ ነው። ሳትሸፋፍን በመመለሷ አከብራታለሁ። የተላጠ ነርቭን በእግር ጉዞ መልሶ መሸፈን አይቻልም፣ ያንን ቃል የሚገባላችሁን አትመኑ አለች። ስፖርት በብዛት የሚደርሰው ሁለተኛውና ሦስተኛው ክፍል ላይ ነው። ድካምን ይቀንሳል፣ እንቅልፍን ያሻሽላል፣ የከፋ ስሜትን ያነሣል፣ የተገተረ ጡንቻን ያላላል። ኢራንና ብራዚል ውስጥ ኤምኤስ ባለባቸው ሴቶች ላይ የተሠሩ ጥናቶች የአካል እንቅስቃሴና የዳሌ ወለል ጡንቻ ልምምድ ከመኝታ ሕይወት መሻሻል ጋር አብረው እንደሄዱ አሳይተዋል። ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው። ተስፋ አድርጉ፣ ግን ዋስትና አታድርጉት አለች።

የዳሌ ወለል ጡንቻ ማለት ሽንት መጥቶብሽ መጸዳጃ ራቅ ሲል ጭምቅ አድርገሽ የምትይዢበት ነው። ኬገል የተባለ አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1948 ስለ ልምምዱ ከጻፈ ወዲህ በስሙ ይጠራል። ተኝተሽ ትጀምሪያለሽ። ጨምቀሽ ወደ ላይ ትስቢዋለሽ፣ ጥቂት ሰከንድ ትይዣለሽ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ትለቂዋለሽ። ሆድሽና መቀመጫሽ አይወጠር፣ ትንፋሽሽም አይታፈን። የሚሠራው ጡንቻ ሽንት መያዝ ላይም፣ እርካታ ላይም ያው አንዱ ነው።

መልስ 17 ተቆጥታ ገባች። ይህን ከቪዲዮ አይታ ወር ሙሉ ሠርታ ሕመሙ ብሶባታል። ባለሙያ ነን ባዮች ሴቱን እየጎዱት ነው አለች። እኔ ክሩ እዚህ ጋ ይበጠሳል ብዬ ፈርቼ ነበር። መልስ 18 ላይ ፊዚዮቴራፒስቷ ቀድማ አለመናገሯ ጥፋት እንደሆነ ተቀበለች። ኤምኤስ ጡንቻውን ቀድሞውኑ ያጠበቀባት ሴት መጀመሪያ መልመድ ያለባት መጭመቁን ሳይሆን መልቀቁን ነው። በጥልቅ ስትተነፍሺ ታችሽ እንደሚላላ መስማት። የጠበቀውን ላዩ ላይ መጭመቅ ሕመም ይጨምራል። ደግሞ ሽንት እየወረደ መሃል ላይ ማቋረጥን ልምምድ አታድርጉት፣ ፊኛ በደንብ ባዶ እንዳይሆን ያደርጋል አለች። ለዚህ ነው አንዴ እንኳ ባለሙያ ዘንድ መታየት ያለበት። መልስ 17ን የጻፈችው እህት ኋላ ላይ በግል አመስግናታለች፣ ሁለቱም ነግረውኛል።

መልስ 19 ወደ ጸሎት ወሰደን። አንዲት ሙስሊም እህት ሰላት ላይ ስታጎነብስ ከአንገቷ እስከ ወገቧ ኤሌክትሪክ እንደሚነዝራት፣ የጂን ሥራ ነው እንደተባለች ጻፈች። መልስ 20 አንዲት ኦርቶዶክስ እህት፣ ስግደት ላይ አንገቷን ወደ ደረቷ ስታቀርብ ያው እንደሚሆንባት ነገረቻት። የሕክምና ተማሪው ተመልሶ ስሙ የሌርሚት ምልክት እንደሚባል፣ አንገት ውስጥ ያለው ኅብለ ሰረሰር ላይ ያለ ጠባሳ ሲለጠጥ የሚመጣ እንደሆነ አስረዳ። ያስደነግጣል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ ያልፋል። ያጎነበሱት ሁለቱ እህቶች ከዚያ በኋላ እርስ በርስ ሲጠያየቁ ነው የከረሙት።

ስግደት እንደ ስፖርት ይቆጠራል ወይ የሚል መጣ። መልስ 22 አምልኮን ከጂም ጋር አታወዳድሩ ብሎ ተቆጣ። ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ለፈጣሪ የሚሰገደው ለጡንቻ ተብሎ አይደለም።

መልስ 23 በጠርሙስ የተሞላ ሥራይ ሊሸጥልን የመጣ ሰው ነው፤ መድረኩን የሚያስተዳድሩት አጠፉት። መልስ 24 ላይ አንዲት እህት ጸበል ገብታ መድኃኒቷን ስታቆም እንዳገረሸባትና አሁን ሁለቱንም አብራ እንደምትይዝ ጻፈች። መድኃኒቱ የት አለ የሚለው ብዙ ሰው አነጋገረ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለኤምኤስ የሚሆኑ ሦስት መድኃኒቶችን ወደ መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ አስገብቷል፣ ከሦስቱ አንዱ ሪቱክሲማብ ነው። ስለ ዋጋው የተጻፈው ሌላ ክር ይፈልጋል፣ እዚህ አላስገባውም።

መልስ 25 ግን ይግባ። የጻፈው ባል ነው። ሚስቱ ኤምኤስ አለባት። ሁለት ዓመት ያህል እጁን ሲዘረጋ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ጠልታኛለች አለ። ቀጥሎ ሌላ ሰው አላት አለ። ሳሎን ሶፋ ላይ መተኛት ጀመረ። ልጆቹ አባታችን ለምን እዚህ ይተኛል ሲሉ ወገቡን ያመዋል ይባላሉ። የእኔን ጽሑፍ፣ ያው እጅ የሚያቃጥልበትን ቦታ ሲያነብ ተነሥቶ ወደ መኝታ ቤት ገባ። መብራት አብርቶ ስልኩን አሳያትና እንዲህ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። እሷ ራሷን ነቀነቀች። ሌላ ምንም አልጻፈም። ከሥሩ በእንባ ምልክት ስንት ሰው እንዳለቀሰለት ብታዩ።

መልስ 26 እና ከዚያ ምን አደረጋችሁ ብላ ጠየቀች። የመለሰችው ሲስተር ናት፣ መልስ 27። ባልና ሚስት የሰውነት ካርታ መሥራት ይችላሉ አለች። ምንም ሳይጠበቅ፣ ልብስ ቀለል አድርጎ፣ ባል ከራስ እስከ እግር ቀስ እያለ ይነካል። ሚስት የቱ ጋ ደስ እንደሚል፣ የቱ ጋ እንደሚያቃጥል፣ የቱ ጋ ምንም እንደሌለ ትናገራለች። በሽታው ስለሚለዋወጥ ካርታውም ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ደጋግሞ ማድረግ ነው። ሌላም አለች። ከማታ ይልቅ ጠዋት ይሻላል፣ ድካሙ ገና አልተጫነም። ቀድመሽ ሽንት ሽኚ። ግን ሽንት እንዳያመልጥሽ ብለሽ ውኃ መጠጣት አትተዪ፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያመጣል፣ እሱ ደግሞ የኤምኤሱን ምልክት ሁሉ ያስነሣል። ለድርቀት ከፋርማሲ በውኃ የተሠራ ማለስለሻ አለ። ቫዝሊንና ዘይት ኮንዶም ይቀድዳል። ለጡንቻ መገተር ባክሎፈን የምትወስድ የምትወስድበትን ሰዓት ከሐኪሟ ጋር ታስተካክል። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም ፍላጎት ያጠፋሉ፤ በራስ ማቆም የለም፣ ጠይቆ ማስቀየር ግን ይቻላል።

መልስ 28 ለወንዶች የሚሸጠው ሰማያዊ ኪኒን፣ ቪያግራ የሚባለው፣ ለሴት ይሆናል ወይ አለ። ኤምኤስ ባለባቸው ሴቶች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2004 ውጤቱ ታትሟል፤ ድርቀት ላይ ትንሽ ረድቶ እርካታ ላይ ግን ለውጥ አላመጣም ተባለ። እዚያው ቆመ።

መልስ 29 የ22 ዓመት ልጅ ናት። ማን ያገባኛል፣ ባገባስ እወልዳለሁ ወይ አለች። መልስ 30 ሁለት የወለደች እናት ናት። ኤምኤስ መውለድ አይከለክልም አለቻት። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ፣ 254 ሴቶችን በተከተለ ጥናት ማገርሸቱ በእርግዝና የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት በጣም ቀንሶ፣ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ጨምሮ ታይቷል። ስለዚህ መድኃኒቱን ከማርገዝሽ በፊት ከሐኪም ጋር አስተካክዪ፣ አራስ ሆነሽም ሰው አጠገብሽ ይኑር። ማን ያገባኛል የሚለውን ለማንም ሰው መመለስ እንደማይቻል፣ እሷን ራሷን ግን ሦስት ሰው ለትዳር ጠይቋት እንደነበር ጻፈች።

መልስ 31 የእኔ ነው፣ ከሳምንት በፊት የጻፍኩት። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከባለቤቴ ጋር በአወቱ ወንዝ ዳር እንሄዳለን። ጅማ በዚያ ሰዓት ጉም ናት፣ ቀዝቀዝ ያለች። ስጀምር 8 ደቂቃ ነበር፤ ግራ እግሬ ጭቃው ላይ ይጎተት ነበር፣ የጫማዬ አፍንጫ ተበልቷል። አሁን 25 ደቂቃ ደርሻለሁ። በሳምንት አራት ቀን። ከወንበር መነሣቱን በቀን ሁለቴ እሠራለሁ፣ በርጩማው ላይ ገና አልደረስኩም። ማታ ልጆቹን የቤት ሥራ አሠርቼ እንኳ ቁጭ ብዬ ማውራት እችላለሁ።

የመኝታው ነገር ደግሞ፦ ካርታውን ሠራን። ባለፈው ቅዳሜ፣ ልጆቹ እናቴ ዘንድ ባደሩበት። ከግራ ጉልበቴ በታች ምንም የለም። የውስጥ ጭኔ ያቃጥላል፣ እዚያ አይነካም። ድንዛዜው ከወገቤ በታች አልለቀቀኝም። የክርኔ ውስጠኛው ግን፣ ደም ሲቀዳ መርፌ የሚገባበት ቦታ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ጤነኛ ሆኖ እዚያው ቆይቷል። ማንም አልጠየቀውም ነበር። ባለቤቴ ጣቱን እዚያ ሲያሳርፍ ትንፋሼ ተያዘ። እጁን አንሥቶ አመመሽ እንዴ አለኝ። አላመመኝም አልኩት።

ትናንት መልስ 32 ገባ። እንጀራ የምትጋግረዋ እህት ናት። ማክሰኞና ዓርብ አትጋግርም፤ በእነዚያ ቀናት አብራኝ ብትሄድ ቅር ይለኝ እንደሆነ ጠየቀች። ብቻዋን መንገድ ላይ ዓይኗ ቢጠፋባት ትፈራለች። ዛሬ ሐሙስ ነው። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ድልድዩ ጋ አልኳት። ነጠላሽን ነክረሽ ነይ፣ የኔን በላስቲክ ይዤልሻለሁ፣ ቢደርቅብሽ እንቀያየራለን።